ለየኔታ ሰዓት መስታወት የቀየርሁ ሰሞን

ሰዓት ያሰረ ሁሉ ሰዓት ያውቃል ማለት አይደለም። በእኛ በጋይንት፣ ምናልባት በእናንተም አገር፣ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ጌጥ ነው። ሠርግ አራት ሰዓት ላይ ተጠርታችሁ ሰባት ሰዓት ላይ ብትደርሱ ዳሱ ገና ሲጣል ታገኙታላችሁ፤ ዳስ ጣዮቹም «ምነው እንዲህ ማለዳችሁ?» ብለው አንድ ባላ ያስይዟችኋል። ስብሰባ ሁለት ሰዓት ተብሎ ከተጠራ፣ የጠራው ሰው ራሱ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ «ሕዝቡ ሰዓት አያከብርም» ብሎ ይቆጣል። የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚባለው ደግሞ የመጨረሻው ወንበር የሞላበት ሰዓት ነው። እኔ በዚህ አላማርርም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» በሚል ሕዝብ መካከል ተወልጄ ወዴት ልቸኩል?

ከዓመት እስከ ዓመት ግን ማንም የማይቀልድባት አንዲት ሰዓት አለች። የሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት። ያቺን ሰዓት የሚጠብቅ ቤት ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ የምለው ይገባችኋል። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ወሬ ያጥራል፣ መልስ ይቆጠባል፣ ልጅ በሆነ ባልሆነው ይገሠጻል። መሶቡ ቀርቦ፣ እጅ ታጥቦ፣ አንድ ደቂቃ ቀርታ እንደሆነ ያቺ አንድ ደቂቃ እስክታልፍ ድረስ እጅ ከጭን አይነሣም። ስምንት ከሃምሳ ዘጠኝ ላይ የጎረሰ ሰው ጾም ገደፈ፤ ዘጠኝ ላይ የጎረሰ ጾመ። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ቀጭን ቆጣሪ ናት። እንግዲህ በዚያች ቆጣሪ ላይ እጄን ያሳረፍሁት ሰው እኔ ነኝ።

አርብ ገበያ ከተማ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ የሰው ፋይል መፈለግ ነው፤ ደስታዬ ግን የተዘጋ ነገር መክፈት ነው። ሬዲዮ ከፍቻለሁ፣ ካውያ ከፍቻለሁ፣ የጎረቤት የእጅ ባትሪ ለምኜ ከፍቻለሁ። በመክፈቱ የሚያህለኝ የለም። ስገጥም ነው አንዲት ብሎን ሁልጊዜ የምትተርፈኝ። ሚስቴ ውዴ እነዚህን ትርፍ ብሎኖች በአንድ ብርጭቆ አጠራቅማ መስኮት ላይ አስቀምጣቸዋለች፤ እንግዳ ሲመጣና ጨዋታ ሲጠፋ ብርጭቆውን አንሥታ ኮሽ ኮሽ ታደርገዋለች። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ያያል።

የኔታ የውዴ አባት ናቸው። አገር ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው ልጆቻቸውም ሚስታቸውም እኔም የኔታ እንላቸዋለን። እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ወደምትርቅ የአባታቸው ርስት ተመለሱ። ደብሩ ከገደሉ ማዶ ነው። እሑድ እሑድ በበቅሎ ደግፈን እናደርሳቸዋለን እንጂ በአዘቦት ቀን ቅዳሴ መድረስ አይሆንላቸውም፤ ደወሉም ነፋሱ ካልፈቀደ አይሰማም። ስለዚህ ጾማቸውን የሚፈቱት በእጅ ሰዓታቸው ነበር። ሰፊ ፊት ያላት፣ በባትሪ የምትሠራ፣ ደቀ መዛሙርታቸው አዋጥተው የገዙላቸው ሰዓት። የኔታ በሁዳዴ ስልሳ ዓመት ሙሉ፣ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሰው አያውቁም። እሳቸው አያወሩትም። እኛ ነን በየሄድንበት የምናወራላቸው፤ በሰው ጾም መኩራት ደግሞ ሆድ አያስርብም።

ሰዓቷ ግን ከጊዜ ብዛት የዓይን ሞራ ያወጣች መሰለች። መስታወቷ ተፋፍቆ ነጣ። ከመስታወቱ ሥር ውኃ እንዳይገባ የሚይዘው ቀጭን ጎማ፣ መካኒኮች በመኪና ላይ ጓርኒሲዮን የሚሉት ዓይነት ማለት ነው፣ ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ ጠዋት ጠዋት ውስጧን ጤዛ ይሞላታል። የኔታ ሰዓት ለማየት ወደ በሩ ይጠጋሉ፣ ክንዳቸውን ወደ ብርሃኑ ያዘነብላሉ፣ ጤዛው ከውስጥ መሆኑን እያወቁ በነጠላቸው ጫፍ ከላይ ያሻሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የበላኝ እጄ ብቻ አልነበረም። ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ለየኔታ ያደረግሁላቸው ትልቁ ነገር ፊታቸው ድምፄን ዝቅ ማድረግ ነው። ሌላው አማች እርሻ ያርስላቸዋል፣ ሌላው አጥር ያጥርላቸዋል። እኔ እጄ ለሞፈር አይሆንም፤ ወረቀት የለመደ እጅ ነው። አንድ ቀን እንኳ «የልጄ ባል ይህን ሠራልኝ» ብለው ለሰው ሲናገሩ መስማት እፈልግ ነበር። አማቱን ለማስደሰት ያልደከመ ሰው በመካከላችሁ ካለ ይሳቅብኝ።

ስለዚህ አንድ እሑድ ሰዓቷን ተቀብዬ መስታወቷን በማስመሪያ ከዳር እስከ ዳር ለካሁ፤ ልኩንም ያኔ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራ ለነበረችው ለውዴ ታናሽ እህት ለፈንታነሽ በስልክ ላክሁላት። ፈንታነሽ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ስትመለስ ለእናቷ ልብስ፣ ለአባቷ ጋቢ፣ ለእኔ ደግሞ መዳፍ በምታህል ላስቲክ የታሸጉ አንድ መስታወትና ሁለት የጎማ ቀለበት አመጣችልኝ። ሁለት ያደረገችው ስለምታውቀኝ ነው።

የዘወረደ ቅዳሜ፣ ማለትም የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ባለቀ ቀን፣ ሰዓቷን በማለዳ ከየኔታ ተቀብዬ መጥቼ፣ ጠረጴዛዬን አጥቤ በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁ። አሠራሩን የሚያሳየው ቪዲዮ የተጫነው በፈንታነሽ ስልክ ላይ ስለነበር ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ፊት ለፊቴ አቆምሁት። ሰውየው የሚናገረውን ቋንቋ አላውቀውም፤ እጁ የሚናገረውን ግን በደንብ ሰማሁት። የጀርባ ክዳኗን በቢላ ጫፍ አነሣሁ። ማዞሪያዋን ለማውጣት በመርፌ ጫፍ የምትነካ አንዲት ነጥብ አለች፤ እሷን ለማግኘት ላቤ ጠብ አለ። ማሽኗን ከነቆጣሪዎቿ አውጥቼ አቧራ እንዳይነካት ብርጭቆ ደፋሁባት። የተፋፋቀውን መስታወት በሁለት አውራ ጣቶቼ ከውስጥ ወደ ውጭ ስገፋው ቷ ብሎ ግድግዳ መታ። አሮጌው ጎማ በወረንጦ ስነካው እንደ ተቃጠለ ክር ብትንትን አለ።

ባዶውን ክፈፍ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጥቤ አደረቅሁት። አዲሱን ጎማ ቫዝሊን አስነክቼ በቦታው አስቀመጥሁትና መስታወቱን ጫንሁበት። ተንሻፈፈ፤ ጎማው ተቆነጠጠና ተበጠሰ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ፈንታነሽ ሁለት ያመጣችበት ጥበብ ገባኝ። በሁለተኛው ጎማ ትንፋሼን ይዤ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ከመስታወቱ ላይ ደፍቼ፣ በሁለት እጄ ቀስ አድርጌ፣ እኩል አድርጌ ተጫንሁት። ጠቅ አለ። ያቺን ጠቅ የሰማ ሰው ነው የሚያውቃት። ሕይወቴ ውስጥ ከሰማኋቸው መልካም ድምፆች መካከል አስቀምጣታለሁ።

ከዚያ ባዶውን ክፈፍ ክዳኑን ገጥሜ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ውስጥ ነከርሁት፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም። አድርቄ ማሽኗን መልሼ አስገባኋት። ቆጣሪዎቹ ላይ የጋቢ ብናኝ አርፎ ስላየሁ እንደገና አወጣሁ፤ በዶሮ ላባ ጠርጌ እንደገና ገጠምሁ። አንዲት ብሎን አልተረፈችኝም! በመጨረሻ ፊቴ ከቆመው ስልክ ላይ ሰዓት አይቼ፣ እንደምናደርገው ስድስት ቀንሼ፣ ቆጣሪዎቹን ሞላሁ። ጥፋቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እያፏጨሁ ነበር።

እሑድ ሰዓቷን ይዤ ሄድሁ። የኔታ እጃቸው ላይ አስረው ክንዳቸውን ዘረጉ። ወደ በሩ አልሄዱም፣ ወደ ብርሃኑም አላዘነበሉም። ከተቀመጡበት ሆነው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥሩ ሁሉ፣ በጣታቸው እየነኩ አዩዋቸው። «እጅህ ይባረክ፤ ዓይን ሰጠኸኝ» አሉኝ። ያን ቀን ስመለስ አቀበቱ ቁልቁለት ሆኖ ታየኝ። በማግስቱ መዝገብ ቤት ለመጣ ባለጉዳይ ሁሉ፣ ጠየቀም አልጠየቀም፣ ስለ ሰዓት መስታወት አስረዳሁ።

ደስታዬ እስከ ደብረ ዘይት ማግስት ቆየ። ማክሰኞ ዕለት ፈንታነሽ ቤታችን እየተናደደች ገባች። የአገር ቤት ሲም ካርድ አስገብታ ስልኳ በአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶባታል።

«ይሄን ሁሉ ሳምንት በዱባይ ሰዓት ነው የኖርሁት፤ የነሱ ከኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል» አለች።

«እስከ ዛሬ እንዴት አላወቅሽም?» አልኋት።

«የትም ስሄድ አንድ ሰዓት ሙሉ እጠብቃለሁ። እንደ ድሮው እያረፈዳችሁ መስሎኛል።»

ውዴ ሳቀች። እኔ ግን ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ሰዓት የሞላሁበት ቅዳሜ ድቅን አለብኝ። የኔታ ዘጠኝ ነው ብለው የሚጎርሱት ስምንት ሰዓት ላይ ነው! ስልሳ ዓመት የተጠበቀ ጾም፣ አንድም ቀን ያልተገደፈ ጾም፣ በእኔ እጅ አራተኛ ሳምንቱን ይዞ በየቀኑ እየተገደፈ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት እኔን አይተው ነው። ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ውዴ ታሳብቅብኛለች፤ ተኝቻለሁ፣ ግን በሕልሜም ሰዓት ስሞላ አደርሁ።

ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? ብነግራቸው የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ልብ እሰብራለሁ፤ ያቺ በአሥራ ስምንት ዓመት አንዴ ያገኘኋት ምስጋናም ትመለሳለች። ዝም ብል ደግሞ ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ሲጎርሱ በዕውቀት አጎረስኋቸው ማለት ነው። እስከ ትናንት ጥፋቴ አለማወቅ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ስም አለው። ረቡዕ ከሥራ አስፈቅጄ ወጣሁ።

ስደርስ በእኔ ስልክ ስምንት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፤ በየኔታ ቤት ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ማለት ነው። መሶቡ ቀርቧል። አማቴ እማ ጥሩ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸው የጨጓራ መድኃኒት በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። እንደገባሁ ልናገር ቆርጬ ነበር። ነገር ግን እኛ አገር ሰላምታ ተጀምሮ አይቆረጥም፤ የልጆቹ፣ የከብቱ፣ የጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ ከብት ደኅንነት እስኪጠየቅ ያቺ አሥር ደቂቃ አለቀች። የኔታ ወደ ክንዳቸው አይተው «ደረሰ» አሉ፤ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ ባረኩ።

የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልለው ለእማ ጥሩ አጎረሷቸው። እማ ጥሩ ጉርሻውን አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆዩ፤ እሳቸውም በተራቸው ጠቅልለው ለየኔታ አጎረሱ። ሁለቱም ሳይውጡ ይተያያሉ። የኔታ ሲውጡ እማ ጥሩ ዋጡ። ትዳራቸው ያረጀ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር መስሎኝ አለፍሁት። ቀጥሎ የእማ ጥሩ እጅ ወደ እኔ ተዘረጋ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ከአማት እጅ የመጣ ጉርሻ እምቢ አይባልም። ቢባልም ምክንያት ይጠየቃል፤ ምክንያቱ ደግሞ መሶብ ላይ የሚወራ አይደለም። ስምንት ሰዓት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት የለም ብዬ ነበር የማስበው። አፌን ከፈትሁ። እያወቅሁ ጎረስሁ፤ ሁለተኛም ጎረስሁ፣ ምክንያቱም በአንድ ጉርሻ ማቆም ያጣላል።

ተነሥተን እጅ እንደታጠብን የኔታን «የፈረሰውን አጥር ልይልዎት» ብዬ ወደ ውጭ ደግፌ አወጣኋቸው። ከግራሩ ሥር እንደ ቆምን «የኔታ፣ አንድ በደል አለብኝ» አልኋቸው።

«ተናገር ልጄ።»

ሁሉንም ተናገርሁ፤ የፈንታነሽን ስልክ፣ የዱባይን ሰዓት፣ የእኔን ማፏጨት። እስክጨርስ በትራቸውን ተደግፈው ሰሙኝ። ከዚያ «ፈቀቅ በልና ከፀሐዩ ቁም፤ ጫማህን አውልቅ» አሉኝ። ሊገርፉኝ ነው ብዬ ነበር። የኔታ ግን የጥላዬ አናት ያረፈበትን መሬት በበትራቸው ጫፍ አሰመሩና «በል እስከዚህ በእግርህ ስፈረው» አሉ። ተረከዜን ከጣቴ እያጋጠምሁ ሰፈርሁ።

«አምስት ተኩል እግር» አልሁ።

«በዚህ ወር ዘጠኝ ሰዓት ሰባት እግር ሲሞላ ነው። ገና ነው። ቅድም ስንጎርስማ ከዚህም ያነሰ ነበር።»

«የኔታ ያውቁ ነበር?»

«ሰዓቷን ባመጣህ ማግስት፣ ሰኞ ነው ያወቅሁት። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለ ጥላው አልገጥምልህ አለኝ። ልጄ፣ እኔ ሰዓት እጄ ላይ ሳይታሰር ስንት ሁዳዴ ጾምሁ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን ጎረሱ?»

ወደ ቤቱ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሷ ጨጓራዋ አልሽር አለ። ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ላይ ቅመሽ አላት፤ የነፍስ አባታችንም ፈቀዱላት። 'የኔታ ሳይቀምሱ እኔ እህል አልቀምስም' ብላ ድርቅ አለች። እኔ ብቀድምላት ደግሞ ሆን ብዬ መሆኑን ታውቅብኛለች። ሰዓቷ ዘጠኝ ስትል ግን ታምናለች። አንተ የሠራኻት ናት፣ ብርቅ ሆናባታለች። ጥላ መስፈር አታውቅ፣ በምን ትነቃብኛለች? አንድ ሰዓት ነው ያተረፍሁላት፤ አንድ ሰዓት ለታመመ ሆድ ብዙ ነው።»

«እርስዎስ የኔታ? የእርስዎ ጾም?»

«ጉሮሮዬን ነው የምታየው። እኔ ካልዋጥሁ አትውጥም። ስለዚህ እውጣለሁ። ለነፍስ አባታችን ለመምሬ አስረስ ተናዝዣለሁ። ስነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ፤ ሳል ይዟቸው ነበር መሰለኝ። ከዚያ ጸሎት ጨመሩብኝ፤ ጉልበቴን አይተው ስግደቱን ማሩኝ። አንተ ግን አደራህን፣ እስከ ፋሲካ ሰዓቷን እንዳትነካት።»

እንባዬ መጣ። አላፈርሁበትም። ስልሳ ዓመት የጠበቁትን ነገር እንዲህ በዝምታ፣ ለሚስታቸው ሆድ ሲሉ፣ ማንም ሳያይላቸው አውጥተው ሰጡ። እኔ ደግሞ ምስጋናዬ ትመለስብኛለች ብዬ ነበር የፈራሁት።

የኔታን መደባቸው ላይ አስቀምጬ ስወጣ እማ ጥሩ በጨርቅ የተቋጠረ ተልባ ይዘው እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። ለውዴ ነው አሉ። ተልባው ግን ሰበብ ነበር። በሩን ከወጣን በኋላ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያቺ ሰዓት ትቀድማለች።»

በጣታቸው ወደ ቤቱ በር አመለከቱኝ።

«ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በበሩ ገብታ እዚያ የመደቡ እግር ሥር ነው የምትደርስ። እዚህ ቤት ከገባን ወዲህ በየሁዳዴው ዐይቻታለሁ። አሁን መሶብ ሳቀርብ ፀሐይዋ ገና ደፉ ላይ ናት። አደራህን ለየኔታ እንዳትነግርብኝ፤ ሰዓቷንም እንዳታስተካክልብኝ።»

«እማ፣ ለምን?» አልሁ፣ መልሱን እየፈራሁ።

«አላየሃቸውም እንዴ? ክረምት ከያዛቸው የሳንባ ምች ከተነሡ ወዲህ አጥንት ብቻ ሆነዋል። ብሉ ቢባሉ ማንን ይሰማሉ! ሐኪም አይሰሙ፣ የነፍስ አባት አይሰሙ። እኔ ጨጓራዬን ባልችለው እንኳ እስከ ዘጠኝ እታገሥ ነበር። ሰዓቷ ዘጠኝ ስትል ግን ቶሎ ብዬ መሶቡን አቀርባለሁ፤ እሳቸውም አምነው ይበላሉ። እኔ ካልጎረስሁ አይጎርሱምና እኔም እጎርሳለሁ። ሊቅ ናቸው እኮ፤ ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ ፀሐይዋ የት እንዳለች ቀና ብለው አያዩም። አየህ፣ ሰዓት አይዋሽም ብለው ነው።»

«ኃጢአት አይሆንብዎትም እማ?»

«ይሆናል እንጂ። ለመምሬ አስረስ ነግሬአቸዋለሁ። ስነግራቸው ክፉ ሳል ያዛቸው፤ ውኃ ሰጠኋቸው።»

ተልባዬን ታቅፌ ቁልቁለቱን ጀመርሁ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ከአንድ ባሕር ተቀድተው አንዱ ሌላውን በዚያው ባሕር ሲሸሽግ ግን አይቼ አላውቅም። ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም ሌላው አያውቅም ብለው ይጠብቁታል። መካከላቸው ላይ አንዲት በአዲስ መስታወት የታሸገች ውሸታም ሰዓት ተቀምጣ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ከፀሐይ አንሥተው እሷን ያያሉ። እኔ ሰዓት የሠራሁ ሲመስለኝ አበላሸሁ፤ ያበላሸሁ ሲመስለኝ ደግሞ ሁለት ሰው መገብሁ። ከእንግዲህ ስለ ራሴ ሙያ ምን ብዬ እንደምናገር አላውቅም። ዝም አይነቅዝም፤ ዝም እላለሁ ብዬ ወሰንሁ።

ከወንዙ አጠገብ መምሬ አስረስ በበቅሎ ሲመጡ አገኘኋቸው። በእኛ ዘንድ አንድ ቤተሰብ አንድ የነፍስ አባት ነው ያለው፤ ወደዚያ ቤት በጋብቻ ከገባሁ ወዲህ የእኔም እሳቸው ናቸው። መስቀል ተሳለምሁ። በቅሏቸውን አቁመው በጥርጣሬ አዩኝ።

«ከየኔታ ቤት ነው የምትመጣው?»

«አዎ አባቴ።»

«ያቺን ሰዓት» አሉና ቆም አሉ። የንስሐ ምስጢር በግራ ጆሯቸው የባል፣ በቀኝ ጆሯቸው የሚስት ይዘው ለማን ይተንፍሱት? «ሰዓቷን ነካካሃት እንዴ?» ሲሉ ስጋት ድምፃቸው ላይ ተሰማኝ።

«አልነካኋትም። እስከ ፋሲካም አልነካትም።»

«እሰይ! ተባረክ!» ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። ቀጥለው ወደ ፀሐይዋ ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ፀሐይዋ። «እዚያ ቤት በልተሃል» አሉኝ።

«አማቴ አጎረሱኝ አባቴ።»

«ሰዓቱን እያወቅህ?»

«እያወቅሁ።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ያ ሳል መጣባቸው፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳሉ፤ በቅሎዋም ጆሮዋን አቆመች። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሲያበቁ «በል ቅዳሜ ናና ተናዘዝ» አሉኝ፤ «ከዚያ ቤት የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነበርህ።»

በቅሏቸውን ኮርኩረው አለፉ። ስልኬን አውጥቼ አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።